ባሮ በቀን ሦስት ሲቀንስ

የበደለኝ የባሮ ወንዝን የውሃ ከፍታ ንባብ የሚቆጣጠረው ሰው ነው። ጊዜው ልጄ ሰባተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ። ስሙን አልጽፍም፤ እዚህ ጋምቤላ የሚያውቀው ያውቀዋል።

ሥራዬ ቀላል ነበር። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ባሮ ዳር እወርዳለሁ፤ ቁጥር ተጽፎበት ውሃው ውስጥ የቆመውን ብረት አያለሁ፤ ውሃው የደረሰበትን ሴንቲሜትር መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እኔንና ልጄን ያኖረን ይኸው ነበር። ልጄ አብራኝ መውረድ ትወዳለች። ብቻዋን ግን አንድም ቀን እንዳትወርድ አስምያታለሁ፤ አዞ ልጅ ነች ብሎ አይምርም።

በዚያ ታኅሣሥ ወንዙ ሥርዓት ይዞ ነበር የሚጎድለው። በመጀመሪያው ቀን 214፣ በሁለተኛው 211፣ በሦስተኛው 208። ትምህርት ቤት ደግሞ እነ ልጄ ሠንጠረዥ እያዩ የቁጥሮቹን ሕግ ማውጣት ጀምረው ነበርና፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መዝገቤን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቆየች።

«እማዬ፣ ባሮም ሕግ አለው። ቀኑን በሦስት አባዢና ከ217 ቀንሺ።»

217 የሚል አልጻፍኩም አልኳት። ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር በላይ፣ ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ዜሮ ቀን ነው። አንቺ አልጻፍሽውም እንጂ ውሃው ነበረ።»

ለስምንተኛው ቀን 193 ይሆናል ብላ አስቀድማ መዳፏ ላይ ጻፈች። ጠዋት አብረን ወረድን። ብረቱ 193 ይላል። እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። መዳፏን ለሁለት ቀን አልታጠበችውም።

በዘጠነኛው ቀን ወባ ጣለኝ። አራት ቀን ሙሉ ነፍሴን አላውቅም። ስቃዥ መዝገቡ ባዶ እንዳይሆን እል ነበር አሉ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ግድግዳ ይዤ ተነሣሁና ወረድኩ፤ ብረቱ 195 ይላል። መዝገቡን ስገልጥ አራቱ ቀን ተሞልቷል፤ 190፣ 187፣ 184፣ 181። የእኔን አጻጻፍ ለመምሰል ልጄ ሰባቱን እንኳ እንደ እኔ አንገቱ ላይ በሰረዝ አቋርጣዋለች። ወንዝ እንዳትወርጂ ብያለሁ፣ አልወረደችም። ባዶ እንዳይሆን ብያለሁ፣ አልሆነም። ሁለቱንም ቃሌን ጠብቃ በሕጉ ሞልታዋለች። ደጋው ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ ወንዙን መልሶ እንዳነሣው ግን ሕጉ ከየት ይወቅ?

ተቆጣጣሪው ሰውዬ በሳምንቱ መጣ። ለካ በአሥራ አንደኛው ቀን በዚያ ሲያልፍ እሱ ራሱ ብረቱን አይቶ ኖሯል፤ 199 ብሎ ይዟል። የእኔ መዝገብ 184 ይላል። ወንዙ ዳር ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች ተደርድረው በተቀመጡበት፣ በዕድሜ የሚያንሰኝ ሰው አንቺ እያለ ጀመረኝ።

«ወንዙ አንቺ ቤት ነው እንዴ የሚፈሰው? አልጋሽ ላይ ሆነሽ የምታነቢው?»

ሻጮቹ ሳቁ። መታመሜን ነገርኩት፤ አልሰማኝም። ቁጥሩ ስህተት ነበር፣ አልክድም። ያልተውኩለት ያን ሳቅ ነው። ከዚያ ጽሕፈቱን አስተውሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። የጻፈው ሌላ ሰው ከሆነ ሥራው እንደማይነካብኝ፣ ያንን ሰው ግን ጠርቶ እንደሚጠይቅ ነገረኝ።

«ማነው የጻፈው?»

ልጄ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ናት። እዚህ፣ እነዚህ ሰዎች ፊት፣ ደብተሯን እንዳቀፈች ቆማ ታየችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ሳላነብ እንደጻፍኩ የሚል ወረቀት አስፈረመኝና መዝገቡን ከእጄ ወሰደ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ መዝገቡ የት ሄደ ብላ ጠየቀችኝ። ሥራው ሰለቸኝ፣ ተውኩት አልኳት። ደብተሯን አስቀምጣ ሌላ ጠየቀች።

«ተኝተሽ በነበረ ጊዜ የጻፍኩት ልክ ነበር?»

«ያወጣሽው ሕግ ልክ ነው» አልኳት።

እሷ ዛሬ ኢታንግ ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች። ሰውዬው ጡረታ ወጥቷል፤ መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ አልመልስም።

መዝገቡ በተወሰደብኝ ማግስት ከነዚያው ከሳቁብኝ ሴቶች አጠገብ ተቀምጬ ዓሣ መሸጥ ጀመርኩ።