በሁለተኛው ድልድይ ይውረዱ

ጋሽ ካርታ በአውቶቡስ ጣቢያው የመረጃ መስኮት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲቀመጡ አንድም ቀን «አላውቅም» ብለው አያውቁም። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰሚ ባገኙ ቁጥር ይደግሙታል። መንገደኛ መስታወቱን አንኳኩቶ ጥያቄውን ሳይጨርስ አመልካች ጣታቸው ወደ አንድ ወገን ይዘረጋል። ወገኑ ትክክል ይሁን አይሁን የመንገደኛው ጣጣ ነው። ተሳስቶ የሄደ ሰው ሌላ ከተማ ስለሚገኝ ተመልሶ መስታወቱን የሚያንኳኳ አልነበረም፤ በዚህ የተነሳ ጋሽ ካርታ ተሳስተው እንደማያውቁ እርግጠኛ ነበሩ። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ሾፌሮቹ ናቸው። ለማሾፍ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ሹመት ተቀበሉት።

ሾፌሮቹም የማያውቁት አንድ ነገር ነበር። ጋሽ ካርታ አውቶቡስ አይሳፈሩም። በሃያ ሦስት ዓመታቸው አንዴ ተሳፍረው፣ ገና ከከተማው ሳይወጡ ሆዳቸው ተገለባብጦ፣ ከፊታቸው የተቀመጠውን ሰውዬ ኮት አበላሽተው በእግራቸው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ከቤታቸው እስከ ጣቢያው የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ እየተመላለሱ ዓለሙን ሁሉ ሲሸኙ ኖሩ። ለምን አይጓዙም ሲባሉ ሥራ አይለቀኝም ይላሉ። ሥራው ሲለቃቸው ደግሞ ሁሉንም አገር ስለማውቀው ምን ልሠራ እሄዳለሁ ማለት ጀመሩ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ውሸት ነው። እሳቸው የማያውቁት አገር ሁሉ ይናፍቃቸው ነበር፣ ለሰው አልነገሩም እንጂ።

ወንድማቸው ሲሞት እናቷ ቀድማ የሞተችባት የስድስት ዓመት ልጅ ትቶ ነበር። ያሳደጓት ጋሽ ካርታ ናቸው። ልጅቱ አድጋ መምህርት ሆነች፤ ገጠር ያለ የእንስሳት ሐኪም ልታገባ በበጋ ሠርግ ተቆረጠ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ «ጋሼ፣ በአባቴ ቦታ ሆነው፣ ክንዴን ይዘው ለሙሽራው የሚሰጡኝ እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። ጋሽ ካርታ አፍንጫቸውን ተናፈጡ፤ አቧራ ነው አሉ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ልጅቱ እዚህ ላይ ብታቆም ደግ ነበር። እግረ መንገዷን ግን እንግዶቹ መንገድ እንዳይስቱ ሁለት መስመር ቢጽፉልኝ አለች። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ ጋሽ ካርታ አሥራ አንድ ገጽ ጻፉ። ማተሚያ ቤት ወስደው ሽፋን አስደረጉለት፤ «ለሠርግ እንግዶች የጉዞና የማረፊያ መመሪያ» የሚል ርዕስ በጉልህ ወጣበት።

መመሪያው ያልነካው ነገር የለም። ነጭ ሱሪ የሚለብስ እንግዳ ለሚደርስበት አቧራ ተጠያቂው ራሱ ነው ይላል። ባትሪ እንዳያልቅ በጉዞ ላይ ስልክ ይጥፋ ይላል። የገጠር ትራስ ስለሚቆረቁር ሁሉም የራሱን ትራስ ይያዝ ይላል። መንደሩ ውስጥ ያለችው ማረፊያ ስድስት ክፍል ብቻ ስላላት እንግዶቹን በየክፍሉ ደልድለዋል፤ የሚያንኮራፉት መጨረሻ ባሉት ሁለት ክፍሎች ሆነው ከነዝምድናቸው ተዘረዘሩ። የዝርዝሩ የመጀመሪያ የሙሽራው አባት ነበሩ። ሰውየው ለሽምግልና የመጡ ቀን ሶፋው ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው ጋሽ ካርታ ልብ ብለው አዳምጠዋል። ረጅሙ ክፍል ግን መኪና ለሚያጥወለውለው ሰው የተጻፈው ነው። ከፊት ይቀመጥ፣ አርቆ ይመልከት፣ ሎሚ ይዞ ያሽትት እያለ አንድ ገጽ ተኩል ይሄዳል። ለምን ይህን ያህል እንደረዘመ የጠየቀ አልነበረም።

የመንገዱ ነገር አጭር ነበር። «በሁለተኛው ድልድይ ይውረዱ። ወፍጮ ቤቱን በግራ ትተው ሃያ ደቂቃ ይራመዱ።» ይህን ያገኙት ከጀርባቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ከተሰቀለው የጉዞ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው እውነቱን ነበር። ችግሩ፣ እሳቸው ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት አዲስ አስፋልት ተሠርቶ አውቶቡሱ ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ ማዶ መሄድ ጀምሯል። አዲሱም መንገድ ድልድዮች አሉት፤ ሁለተኛውም አለ፤ ሠርጉ ግን እዚያ አይደለም።

ሙሽሪት ስታነብ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ደነገጠች። አሁን ሰው የሚወርደው ነዳጅ ማደያው ጋ ነው ብላ ልታስረዳቸው ሞከረች። ጋሽ ካርታ በሐዘኔታ ፈገግ አሉ፤ ሾፌሮች ነዳጅ ማደያ ጋ የሚያቆሙት ለራሳቸው ሻይ ነው፣ እነሱን አትስሚ አሏት። ከዚያ በላይ መከራከር አንጀቷ አልቻለም። ስልኳን ይዛ ጓዳ ገባችና ለእያንዳንዱ እንግዳ ደወለች፤ ወረቀቱን እርሱት፣ ግን ለጋሼ እንዳትነግሩ እያለች። የእናቷ ወንድም ጎማ ነጋዴው ሚኒባሶች አሰናዳ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ አርባው እንግዳ ጋሽ ካርታን መንገድ ላይ ባገኘ ቁጥር መመሪያውን ያመሰግናል። እሳቸውም ምስጋናውን እንደ ደመወዝ ይቀበላሉ።

ጎማ ነጋዴውን ጋሽ ካርታ አይወዱትም። ድምፁ ትልቅ፣ መኪናው ትልቅ፣ ሆዱ ትልቅ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እውነት ያልሄደበት አገር የለም። ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሙሽሪት አብረውን በሚኒባስ ይሂዱ ብላ ለመነቻቸው። የሚያጋባቸው ሰው ከሰዓት በኋላ ሌላ ሠርግ ስላለበት ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ ካልደረሱ በእርስዎ ቦታ የሚቆመው ጎማ ነጋዴው ነው አለቻቸው። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። መመሪያውን የጻፈ ሰው እንግዶቹን ድልድዩ ላይ ሳይቀበል በሚኒባስ ሹልክ ይላል እንዴ? ልጅቱ እንግዶቹም በሚኒባስ ነው የሚሄዱት የምትል አንዲት ቃል ቀርታት ነበር። ዋጠቻት።

በሠርጉ ዕለት ጋሽ ካርታ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሎሚ ይዘው፣ በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶቡስ ላይ ወጡ። ከፊት ተቀመጡ። አርቀው ተመለከቱ። ገና ከከተማው ሳይወጡ አዲሱን ባርኔጣቸውን አበላሹት። ባርኔጣውን በመስኮት ሲጥሉ ዞር ቢሉ ከተሳፋሪው ሁሉ የሠርግ ልብስ የለበሱት ጥቁር ሻንጣ የያዙ አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ በሚቀጥለው ይመጣሉ ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

ሁለተኛው ድልድይ ላይ አቁም ሲሉት ሾፌሩ ግራ ገባው። እዚህ ማንም አይወርድም ቢላቸው፣ አንተ ሳትወለድ እኔ ይህን መስመር አውቀዋለሁ ብለው ወረዱ። አሮጊቷም ተከትለው ወረዱ። አውቶቡሱ ሄደ። የደረቀ ወንዝና ድንጋይ ብቻ ቀረ። ወፍጮ ቤት የለም። ጋሽ ካርታ በመመሪያው መሠረት ያጠፉትን ስልክ ከፈቱ፤ ኔትወርክ የለም።

አሮጊቷ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉና ከቦርሳቸው አሥራ አንዱን ገጽ አወጡ። የሙሽራው አክስት ናቸው። ስልክ የሚባል ነገር ስለማይወዱ የሙሽሪት ጥሪ አልደረሳቸውም፤ ከአርባ እንግዳ መሐል መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አንብበው ያመኑት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ወረቀቱን አገላበጡ፣ ወንዙን አዩ፣ ደግሞ ወረቀቱን አዩ።

«ይህን የጻፈውን ሰውዬ ያውቁታል?» አሉ።

ጋሽ ካርታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አላውቀውም» አሉ። በሠላሳ አንድ ዓመት ያልወጣቸው ቃል ወጣ፤ እሱም ውሸት ሆኖ።

«ባያውቁትም አይቀርብዎትም። ይህ ሰው እዚህ መጥቶ አያውቅም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የጻፈው።»

ጋሽ ካርታ እንግዶቹ በሚቀጥለው አውቶቡስ ይመጣሉ ተብሎ ተጽፏል ብለው አንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ አስቀመጧቸው። ቀጣዩ አውቶቡስ መጥቶ ሳይቆም አለፈ። አሮጊቷ ተነሱ፤ ሻንጣቸውን አስይዘዋቸው መንገድ ጀመሩ። አጥር የሚጠግን ሰውዬ ሲያገኙ ምንም ሳያፍሩ ጠፍተናል፣ መንገዱን አሳየን አሉት። ጋሽ ካርታ ሰው እንዲህ በቀላሉ መጠየቅ እንደሚችል ከመስታወቱ ወዲህ ሆነው አይተው አያውቁም። ሰውየው ሠርጉ በኮረብታው ማዶ እንደሆነ ነግሯቸው፣ አጥሩን ጨርሶ በትራክተሩ ተጎታች ላይ ጫናቸው።

ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሥነ ሥርዓቱ አልቋል። ክንዷን ይዞ የሄደው ጎማ ነጋዴው ነው። ሙሽሪት ነጩን ልብሷን ለአቧራው ሳትሳሳለት መጥታ አቀፈቻቸው። «ለሁሉም ደውዬ ነበር ጋሼ። ለእርስዎ ብቻ ... ቅር እንዳይልዎት ብዬ» አለችና አለቀሰች። ጋሽ ካርታ ከትከሻዋ በላይ የአርባውን እንግዳ ጫማ አዩ። ሁሉም ንጹህ ነበር። ያን ሁሉ ምስጋና አንድ በአንድ አስታወሱት፤ እያንዳንዱ እንደ አዲስ አመማቸው።

ምሳ ላይ አክስቲቱ ወረቀቱን ከፍ አድርገው ይህን የጻፈው ማነው ብለው ጠየቁ። ሁሉም ሳህኑን ማየት ያዘ። የሙሽራው አባት እንኳ፣ የአንኮራፊዎቹ አለቃ፣ ውሃ መጠጣት አበዙ። ያኔ ጎማ ነጋዴው በዚያ ትልቅ ድምፁ፣ ስህተቱ የማተሚያ ቤቱ ነው፣ ገጹን አዘበራርቀውት ነው አለ። ጋሽ ካርታ ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ሃያ ዓመት የናቁት ሰው ቦታቸውን መውሰዱ ሳያንስ አሁን ደግሞ ይዋሽላቸዋል። ተነሥተው ቆሙ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ።

አክስቲቱ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩአቸው። «ታዲያ ድልድዩ ላይ አላውቀውም ሲሉኝ?»

«አፍሬ ነው።» ጋሽ ካርታ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። «የትም ሄጄ አላውቅም፣ እመቤቴ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ስሸኝ እኔ የትም ሄጄ አላውቅም። አውቶቡስ ያስታውከኛል።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። አክስቲቱ አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው ሳብ አድርገው እንዲቀመጡ አሳዩአቸውና ወረቀቱን እያገላበጡ የሆነ ገጽ ፈለጉ።

«እኔንም ያጥወለውለኛል» አሉ። «ከዚህ ሁሉ የሠራልኝ ግን የሎሚው ብቻ ነው።»

«እሱን» አሉ ጋሽ ካርታ፣ «ከራሴ ነው የጻፍኩት።»