«ሎላ» ሲረዝም

ስልክ የምጠግንባት ክፍል መቱ መናኸሪያ አጠገብ ናት። ሥራ ሲቀዘቅዝ በገዛ ስልኬ እየጻፍኩ ገጼ ላይ እለጥፋለሁ። መጀመሪያ የምጽፈው ስለ ባትሪና ስለ ቻርጀር ነበር፤ ሰዉ የሚጠይቀኝ እሱን ነዋ። ቀስ በቀስ ስለ ኔትወርክ፣ ከዚያ ስለ ሰው አልባ አውሮፕላን መጻፍ ጀመርኩ። አንዱ ነው ሌላውን እየጎተተ ያመጣው። ስለ ባትሪ በደንብ ያሰበ ሰው፣ ድሮን ምን ያህል ርቆ ሄዶ መመለስ እንደሚችል ማሰቡ አይቀርም። ያንን ያሰበ ደግሞ ማን በማን ላይ እንደሚልከው መጠየቁ አይቀርም፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሳያስበው ፖለቲካ ውስጥ ይገኛል።

ማንም አላስተማረኝም። የዕቃ መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው የተማርኩት፤ መመሪያ ደግሞ የሚጻፈው በጥንቃቄ ስለሆነ እኔም እንደዚያው መጻፍ ለመድኩ።

አቋም ነበረኝ፣ አሁንም አለኝ። መሣሪያ የሚያኮራው የሚጠግነው ሲኖር ነው እላለሁ። ለስልክ ስክሪን እጁን ዘርግቶ ከውጭ የሚጠብቅ አገር ስለ ሚሳኤል ሲፎክር ደስ አይለኝም። ይህን ስጽፍ ስድብ ይዘንብብኝ ነበር። «የኢሉባቦር ቡና ለቃሚ ስለ ራዳር ምን ያውቃል?» ብሎ የጻፈልኝ አለ። «ቡና ለቅሜ አላውቅም፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የተሳሳትኩት ነገር ካለ ግን ንገረኝ» ብዬ መለስኩለት።

አንድ ሰሞን «አዲሱ አጥፊ መሣሪያ» የሚል ፎቶ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። አንዱ እየተቀባበለ ይፎክርበታል፣ ሌላው ያለቅስበታል። አጉልቼ ሳየው ሆዱ ሥር ያለው ነጭ ነገር የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ነው፤ ክንዶቹ ጫፍ ላይ የተንጠለጠሉት ደግሞ መርጫዎች ናቸው። ማሳ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ድሮን ነበር። ያንን ከጻፍኩ በኋላ መናኸሪያው አካባቢ ያሉ የባጃጅ ሾፌሮች «ጄኔራል» አሉኝ። በሬ ላይ ብቅ ብለው፣

«ጄኔራል፣ ዛሬ ማን ተሸነፈ?» ይላሉ።

«የአንተ ባትሪ።»

ከሁሉ የሚብሰው አሿፊ አብሮ አደጌ ነበር። እሱም ባጃጅ ነጂ ነው፤ የእኛንና የእነሱን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው። አያቶቻችን ከሰሜን የመጡ ናቸው። ከአጥር ውስጥ አማርኛ፣ ከአጥር ውጭ ኦሮምኛ እያወራን አደግን፤ አንዱን ጀምረን በሌላው ስንጨርስ አይታወቀንም። ትምህርት ቤት ቁቤውን፣ ማለትም ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ሁለታችንም ተምረናል። እሱ ግን ስልኩ ላይ ፊደል መቀያየር ይሰለቸዋል። ኦሮምኛውንም በአማርኛ ፊደል ነው የሚጽፈው። መቱ ውስጥ እንደሱ የሚያደርግ ሞልቷል።

ነገሩ የመጣው ከዚህ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ከተማው ውስጥ ፀሐይ በነበረበት አንድ ከሰዓት፣ አብሮ አደጌ ሰው ጭኖ ፏፏቴው ወዳለበት ወደ ሶር ወጣ። ዝናቡ የነበረው ላይ ጫካው ውስጥ ነው። መንገዱ ላይ ካለችው ትንሽ የውሃ መሻገሪያ ሲደርስ ጥቁር ውሃ ግንድ ተሸክሞ እየተወረወረ አገኘው። ባጃጁን አዞረና ወዲያው ለሾፌሮቹ የስልክ ቡድን «ሎላ! ገራ ሶር ሂን ዴሚና!» ብሎ ጻፈ። «ጎርፍ! ወደ ሶር አትሂዱ!» ማለቱ ነው።

በኦሮምኛ ጎርፍም ጦርነትም ለአማርኛ ጆሮ «ሎላ» ናቸው። የሚለያቸው የመጨረሻው ድምፅ ርዝመት ብቻ ነው። ጦርነቱ አጭር ነው፣ ቁርጥ ይላል። ጎርፉ ይሳባል። በቁቤ ሲጻፍ ለጎርፉ አንድ ፊደል ይጨመርለታል። በአማርኛ ፊደል፣ ጠንቃቃ ሰው አንዱን «ሎለ» ብሎ ሊለያቸው ይሞክር ይሆናል፤ ከውሃ ሸሽቶ መሪ በአንድ እጁ የያዘ ሰው ግን ሁለቱንም «ሎላ» ነው የሚላቸው።

ከቡድኑ ውስጥ አንዱ መልእክቱን ፎቶ አንስቶ ወደ ውጭ አወጣው። እንደ እኔ ስለ መከላከያና ስለ ፖለቲካ አስተያየት የሚሰጥ፣ ከእኔ ግን እጅግ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ገጽ አገኘውና «ሰበር! ሶር አካባቢ ጦርነት ተከፈተ፤ ነዋሪዎች ወደዚያ እንዳይሄዱ እየተነገራቸው ነው» ብሎ ተረጎመው። ከሥሩ የታንክ ፎቶ ለጠፈ። ከታንኩ ኋላ የሚታየው አሸዋ ነው። ኢሉባቦር ውስጥ እንኳን የአሸዋ በረሃ፣ ሣር ያልሸፈነው አፈር ማግኘት ያስቸግራል።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ከጎሬና ከበደሌ የተነሡ ሚኒባሶች ከመንገድ ተመለሱ። ከሶር በኩል ማርና ቅቤ ይዘው የሚመጡት ሴቶች አልመጡም፤ በዋዜማው ከተማ የገቡት ደግሞ ለመመለስ ፈርተው ዘመድ ቤት ተቀመጡ። ጓደኛዬ «ጎርፍ ነው ያልኩት» እያለ ማለ፣ ተገዘተ። ችግሩ የደን ውሃ እንደመጣ መሄዱ ነው። የባጃጅ ማኅበሩ ሰው ጠዋት ወደ ሶር ደውሎ ሲያጣራ «እዚህ ምንም የለም፣ መንገዱ ደረቅ ነው» ተባለ። ጎርፍ ከሌለማ ያለው ጦርነት ነዋ! ጦርነቱም ከሌለ፣ ሕዝብ ያሸበረው እሱ ነው ማለት ነው።

የባጃጅ ማኅበሩ ሊቀመንበር የባጃጁን ቁልፍ ተቀበሉት። ቅዳሜ በስብሰባ እንወስናለን አሉ። ከተባረረ ተራ ገብቶ መጫን አይችልም፤ ጉዳዩም ሕዝብ አሸበረ ተብሎ ለሕግ ይሄዳል። እሱና እናቱ የሚኖሩት በዚያች ባጃጅ ነው።

እናቱ ክፍሌ ድረስ መጡ። ደንበኛ ተቀምጦ ነበር፤ አላዩትም።

«አንተ ልጅ፣ ጄኔራል ይሉሃል አይደል?»

«ሲቀልዱ ነው እትዬ።»

«እኔ ለቀልድ አልመጣሁም። ልጄ አፉ እስኪደርቅ ተናገረ፣ የሰማው የለም። አንተ የጻፍከውን ይሰማሉ። ጻፍ!»

«ዝም ብሎ አይጻፍም እትዬ፤ መጀመሪያ ሄጄ ልየው።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጎርፉ ተመልሶ እስኪመጣ?»

ደንበኛው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሱቁን ዘጋሁና ሞተር ሳይክል ለምኜ ወጣሁ።

መንገዱ እውነትም ደርቆ ነበር። መሻገሪያው ላይ ወርጄ ቆምኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። ግን መሻገሪያውን የሚያሳዩት እንጨቶች ላይ ሣር ተጠምጥሟል፤ የተጠመጠመው ደረቴ ድረስ በሚደርስ ከፍታ ላይ ነው፣ ጫፉም ሁሉ የተኛው ውሃው ወደሚወርድበት ነው። ዛፎቹ ግንድ ላይ የጭቃ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በላይ ያለው የዛፍ ሽበት እንደ ወትሮው አረንጓዴ ነው፣ ከመስመሩ በታች ያለው ቀይ። የተነቀለ ዛፍ ሥሩ ገና እርጥብ ሆኖ መንገዱ ዳር ተጋድሟል። ሁሉንም ከቅርብም ከሩቅም አነሣሁ፤ ቁመቱ እንዲታወቅም ሞተሩን አጠገቡ እያቆምኩ።

አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ በታች አጥር ይጠግናሉ። በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው፤ ቀጥታ ነበር የጠየቁኝ።

«ምን ጠፍቶብህ ነው?»

«እዚህ ጦርነት ነበር ብለው ከተማው ተጨንቋል፤ እሱን ላጣራ ነው።»

አጥሩን ለቀው ቀና አሉ። «ጦርነት? እንግዲያስ የማረከው የእኔን አጥርና አንዲት ዶሮ ነው!»

ድምፃቸውን እንድቀዳ ፈቀዱልኝ። ያዩትን ሁሉ ተናገሩ፤ ውሃው ከየት በኩል እንደመጣ፣ አንዲት ባጃጅ ከወዲያ መጥታ ተዟዙራ እንደተመለሰች። ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉና ለሕፃን እንደሚያስረዱ ለስልኩ ተናገሩ፦ «ሎላ አይደለም። ሎላ... አ! ሰማህ? ሎላ... አ!» የመጨረሻዋ ድምፅ ከእጃቸው ጋር ቁልቁል ስትፈስ እስከ ዛሬ ትሰማኛለች።

ተመልሼ የጻፍኩት ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ ነው። ፎቶዎቹን በተራ አስቀመጥኩ፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር የሚታየውን ብቻ ጻፍኩ። የሽማግሌውን ድምፅ አያያዝኩ። መጨረሻ ላይ አንድ አስተያየት ጨመርኩ፦ «የጦር ወሬ ስትሰሙ ስለ መሣሪያው ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ቃሉ ጠይቁ። ማን አለው፣ በየትኛው ቋንቋ አለው፣ በየትኛው ፊደል ጻፈው?» ጽሑፉ ላይ ስሙን ባልጠራውም ለትልቁ ገጽም ላክሁለት።

ይህን ያህል ይነበባል ብዬ አላሰብኩም። ሰው መጀመሪያ የላከው ድምፁን ነው። መናኸሪያው ውስጥ ከየስልኩ «ሎላ... አ!» ይሰማ ጀመር። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየትም ተቀየረ፤ «የእኛ ቤት ጣሪያም ጦርነት ያፈሳል» አለ አንዱ። «ባለቤቴ በባልዲ እየማረከችው ነው» ብሎ ሌላው መለሰ።

ከዚያ ከያዮ ተደወለ። የማኅበሩ አባል የሆነ ሾፌር ነው፤ ከጎርፉ ቀን በኋላ ለሥራ ሄዶ ኔትወርክ የማይገባበት ቦታ ሰንብቷል። «ጄኔራል!» አለኝ፣ ሰላምታም የለ። «ያንን መልእክት አንብቤ እኮ ነው ያን ቀን የቆምኩት! ሚዜዎች ጭኜ ወደ ሶር እየወጣሁ ነበር። ደመናውን ከላይ ሳየው ጎርፍ ማለቱ ገባኝና አቆምኩ። ቀና ስል ውሃው መሻገሪያውን አጥለቅልቆ ሲወርድ ከሩቅ አየሁት። ስብሰባው መቼ ነው?»

ስብሰባው ማኅበሩ ግቢ ውስጥ ሆነ። ጓደኛዬ ፊት ለፊት ቆሟል፤ እናቱ በሩ ጋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ሊቀመንበሩ ኮስተር ያሉ፣ ከሁሉ በፊት መቱ ውስጥ ባጃጅ የነዱ የኦሮሞ አባወራ ናቸው። እኔ ጽሑፉ ስለተነበበ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ከኋላ ተቀምጬ ነበር።

«ጄኔራሉ ይነሣ» አሉ። «የጻፍከውን አይተናል። ስልክ ያልያዙም አሉና በአፍህ ንገረን።»

በአፍ መናገር ለእኔ ከባድ ሥራ ነው። በረጅሙ ማስረዳት እንደማልችል ስለማውቅ አሳጠርኩት።

«ጋሼ፣ ጦርነትን በኦሮምኛ ይበሉልኝ።»

«ሎላ» አሉ።

«ጎርፍንስ?»

«ሎላ...» አሉና አፋቸው እንደተከፈተ ድምፁን እየሳቡ ቀሩ። ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ ከድምፁ ጋር አብሮ ሲሄድ አየሁት።

«አሁን ሁለቱን በአማርኛ ፊደል ይጻፉልኝ።»

እንጨት አነሡ። ጎንበስ ብለው አፈሩ ላይ «ሎላ» ብለው ጻፉ። አጠገቡ ሌላ «ሎላ» ጻፉ። ቀና ብለው ሁለቱን አዩ፣ ሾፌሮቹን አዩ።

«ዱጋ!» አለ ከኋላ አንዱ፤ እውነት ነው ማለቱ ነው። ግቢው በሳቅ ፈነዳ።

ተራ አስከባሪው ግን አልሳቀም። «ጎርፍ ከሆነ ታዲያ ውሃው የት ገባ?» ብሎ ተነሣ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እኔም ብሆን የምጠይቀው እሱን ነው። ፎቶዎቹን ሰጠሁት። ሣሩ የተጠመጠመበትን እንጨት ከሞተሩ ጋር እያስተያየ ብዙ ቆየ። «ይሄ እኔን ያሰጥመኛል» አለና ስልኩን መለሰልኝ። ከዚያ የያዮው ሾፌር ሚዜዎቹን እንዴት እንዳተረፈ ተናገረ፤ ሁሉም ሙሽሮቹን ያውቃቸዋል።

ሊቀመንበሩ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ለጓደኛዬ ከመስጠታቸው በፊት ለሁሉም አሳዩት። «ይህ ልጅ ሰው አዳነ፤ እኛ ልናባርረው ተቀመጥን። ከዛሬ ጀምሮ የመንገድ አደጋ በቡድኑ ውስጥ በድምፅ ነው የሚነገረው። የሚጽፍ ሰው ካለ በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ።» እትዬ እልልታውን ያቀለጡት ልጃቸው ቁልፉን ሳይጨብጥ ነው።

ትልቁ ገጽም በዚያው ቀን ጽሑፉን አንሥቶ ማረሚያ አወጣ፤ ሽማግሌው የተናገሩበትን ድምፅም አያያዘው። ታንኩን ሲያነሣ ሳይ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስለ ጦር መሣሪያ ያን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ አንድም መሣሪያ ከቦታው አንቀሳቅሼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አንድ ታንክ ከኢሉባቦር አስወጣሁ።

ከግቢው ስንወጣ ዘመድ ቤት ተጠግተው የሰነበቱት የሶር ሴቶች ተራው ላይ ከነቅርጫታቸው ቆመው ነበር። መጀመሪያ የሚሄደው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ሾፌሮቹ ራሳቸው ባጃጃቸውን ወደ ኋላ እየሳቡ ለጓደኛዬ ቦታ ለቀቁለት። ሴቶቹ ተጠጋግተው ገቡ። አንዷ ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አደላድላ ጠየቀችው፣

«ደግሞ ውሃው ቢመጣስ?»

«እመለሳለሁ» አለ ሞተሩን እያስነሣ። «ተመልሼም ለሁሉም እነግራለሁ።»

«አሁንም? ይሄ ሁሉ ደርሶብህ?»

«አሁን ይበልጥ ነዋ እናቴ!»

ጥሩንባውን ነፋ። ከኋላው የቆሙት ሁሉ ነፉለት፤ እሱም ዳገቱን እንደሞላ ወጣው።