ሰባት ጊዜ ያረምኩት ቃል

ከመካነ ሰላም የወጣሁት ጎሕ ሳይቀድ፣ ጭነት መኪና ላይ ጤፍ ጆንያ ተደግፌ ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ከሚዋጉት አንደኛው ወገን «ለእነዚያ ትሠራለህ» አለኝ፤ በሳምንቱ እነዚያ መጥተው ያንኑ አሉኝ። ባለቤቴ ዘሐራ መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። አባቷ ሼህ ይማም «አብሽር፣ ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ» ብለው ዱዓ አደረጉልኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ በፊት የገባው የሰዋስው መጽሐፌ ነበር። ብትስቁብኝ ይገባኛል።

በረሃውንና ባሕሩን አልጽፈውም። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፈበትም አይለፍበት።

እንግሊዝ ስደርስ ከሁሉ ያበሸቀኝ እንግሊዝኛው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ላይ ዓረፍተ ነገር እየጻፍኩ «ትክክል ነው ስህተት?» ስል የኖርኩ ሰው፣ አገሩ ራሱ ቢፈተን የሚወድቅ ሆኖ አገኘሁት። የአውቶቡሱ ሾፌር ይሳሳታል፣ ባለሱቋ ትሳሳታለች፤ «ምን አልክ?» የምባለው ግን እኔ ነኝ። ብርዱ ከእኛው ደጋ ከአቀስታ አይብስም። የአቀስታ ሰው ግን በር ላይ ቆመህ ስትንቀጠቀጥ ካየህ ያስገባሃል።

አከራያችን ማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ በአንድ መስመር አራት ስህተት። በቀይ እስክሪብቶ አረምኩለት።

«ማነው ይህን የነካው?» አለ።

«እኔ ነኝ። አራት ስህተት አለበት።»

«ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ማብሰል ክልክል መሆኑ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«እና ምኑ ነው የተሳሳተው?»

እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ። ሰውየውን ዛሬም አልወደውም።

ጥገኝነት ስጠይቅ ቃልህን በጽሑፍ አቅርብ ተባልኩ። አስተርጓሚ ምን ያደርግልኛል ብዬ በእንግሊዝኛ ራሴ ጻፍኩት፤ ሰባት ጊዜም አረምኩት። ጠያቂዋ አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች።

«አንድም ስህተት የለውም» አለችኝ።

«አመሰግናለሁ» አልኳት እኔ ጅሉ።

«ስንት ጊዜ ጻፍከው?»

«ሰባት ጊዜ።» ደግሞ በኩራት።

«የደረሰበትን የሚናገር ሰው ሰባት ጊዜ መለማመድ ያስፈልገዋል?»

ቃሌ «የተጠና ይመስላል» ተብሎ ውድቅ ተደረገ። አብሮኝ የሚኖረው የአቀስታው ሰይድ፣ የጭነት መኪና ረዳት የነበረው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከመሃል ጀምሮ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ እያለቀሰ ተናግሮ የመኖሪያ ወረቀቱን አገኘ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አላለኝም።

ይግባኝ አልኩ። ከፈረዱልኝ ዘሐራን አስመጣለሁ፤ ከፈረዱብኝ ወደ ወጣሁበት ነው። ጠበቃዬ «ሚስትህ በዓይኗ ያየችውን ትጻፍልን» አለኝ። ዘሐራ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠች ናት። በአማርኛ ጻፊው ብላት የመምህር ሚስት ነኝ ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈችው። ፎቶ አንስታ በስልክ ላከችልኝና «አርመህ አስገባው» አለችኝ።

ስልክ ላይ መሆኑን ረስቼ እስክሪብቶ ፈለግኩ። «ዘይ ከም። ሂ ኖት ሂር አይ ሴይ። ዘይ ቴክ ማይ ፋዘር።» ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስቱም ስህተት ብዬ ቆጠርኩ። ቆጥሬ ስጨርስ ነው ምን እንደሚል ያነበብኩት። መጡ፣ እዚህ የለም አልኳቸው፣ አባቴን ወሰዱ ማለቷ ነው።

ስንት ወር ሙሉ ሼህ ይማም እንዴት ናቸው ስላት «ከመስጊድ አልተመለሱም» ትለኝ ነበር። እኔም የሶላት ሰዓት ላይ እየደወልኩ ነው ብዬ የምደውልበትን ሰዓት እቀይር ነበር። ደወልኩላት።

«አረምከው?» አለች ገና ስታነሳው።

«አይታረምም ዘሐራ። እንዳለ ነው የማስገባው።»

«ለምን? የሰው ልጅ ሁሉ ደብተር ስታርም ኖረህ የእኔን ናቅከው?»

ምን ብዬ ላስረዳት? አንድ ፊደል ብነካው ውሸት ነው ይሉኛል ልበላት? አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነው።

«አባባን መቼ ነው የወሰዷቸው?»

ከበስተጀርባዋ የጎረቤት ፍየል ሲጮህ ይሰማኛል።

«ዘሐራ፣ መቼ ነው?»

«እኔ የጠየቅኩህ እንግሊዝኛውን ነው» አለችኝ።