ኪሎ ስትል ምን ማለቷ ነው?

ታላቅ እህቴ እረፍት አትወድም። ኬክ ቤቱ ውስጥ «ባቡር» ነው የምንላት። ሊጥ እየመታች ምድጃ ትከፍታለች፣ ምድጃ እየከፈተች ሰው ትሳደባለች። እኔ ታናሿ ትሪ አጣቢ ስለሆንኩ ከስድቡ ድርሻዬ አይቀርም።

ያን ቀን ደግሞ ባሰባት። በማግስቱ ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ትገባለች፤ ምድጃውን ለልጇ ማስረከብ ፈልጋለች። አለቃችን ግን ቁርጡን ነግሯታል፦ «የልጅሽ ኬክ ዛሬም ከደረቀ ሌላ ጋጋሪ አመጣለሁ።» ሌላ ሰው አንዴ ከገባ ማን ያስወጣዋል? ልጅቷ ደግሞ ሌላ ሥራ አላማራትም፣ ያንን ምድጃ ብቻ ነው የምትፈልገው።

የጠዋቱ ኬኳም ደረቀ። እህቴ ቀመሰችና ፊቷ ተቀያየረ።

«የስኳር ሽሮፑን ስንት አጠጣሽው?»

«አንድ ኪሎ፣ እማዬ። አንቺ እንዳልሽኝ።»

«ውሸት! አንድ ኪሎ ጠጥቶማ እንዲህ አይደርቅም!»

«በፈጠረሽ፣ መዝኜ ነው!»

«እንግዲያው እጅሽ ነው። እጅ ካልጣመ ምን ይደረጋል? ድሮም ነግሬሻለሁ።»

እውነቷን ነው፣ ነግራታለች። ልጅቷ ሻይ እንኳን ስታፈላ ይህንኑ እየሰማች ነው ያደገችው። አሁን ሽርጧን ፈታች።

ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅ እንዲህ ይባላል? አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ!» አልኳት።

ምን ገዷት! «ዞር በሉልኝ!» ብላ የሽሮፑን ድስት አነሳች። አለቃው አሁን ይመጣል፣ ሽሮፕ ያልጠጣ የቀረን አንድ ትሪ ኬክ ብቻ ነው። የቀዘቀዘውን ሽሮፕ ወደ ሊትሩ ጆግ ቀዳች፣ እስከ መስመሩ ሞላችና «ይኸው! አንድ ኪሎ ማለት ይሄ ነው!» አለች።

ልጅቷ በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። «እማዬ፣ እሱ እኮ ሊትር ነው።»

«ኪሎና ሊትር ምን ለያቸው? ዘይት በኪሎ አይደል እንዴ የምንገዛው?»

እኔም ያው ነኝ፣ በኛ አፍ ዘይቱም ወተቱም ኪሎ ነው። ልጅቷ ግን ተመልሳ ባዶ ጆግ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች፣ ቁጥሩን ዜሮ አደረገችና ሽሮፑን ገለበጠችበት። ቁጥሩ አንድ ኪሎን አልፎ፣ ሦስት መቶ ግራም ጨምሮ ቆመ።

«ውሃ ቢሆን ልክ ነበርሽ» አለች። «ይሄ ስኳር ስላለው ይከብዳል። እኔ በሚዛን አንድ ኪሎ ስል ከጆግሽ ሩብ ያህል እያጎደልኩ ነበር።»

እህቴ ሚዛኑን አጎንብሳ አየችው። በዚያ ዓይኗ ምን እንደታያት እንጃ። ጆጉን አንስታ ለልጇ ሰጠቻት። «አንቺ አፍስሺው» አለቻት።

አለቃው መጣ፣ ቆርሶ ቀመሰ። ደግሞ ቆረሰ። ልጅቷን «ነገ በጊዜ ግቢ» ብሏት ወጣ።

እኔ በደስታ እልል ልል ስል ልጅቷ ፊቷ አልተፈታም። «እማዬ፣ እጅሽ አይጥምም ያልሽኝስ?»

እህቴ ንጹሑን ጠረጴዛ ስትወለውል፣ ስትወለውል ቆየች።

«የማይጥመው የኔ አፍ ነው፣ ልጄ» አለች።

ልጅቷ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።