ቀልበ ቢስ ያልናት ልጅ

ልጄ ተቀምጣ ምሳ በልታ አታውቅም። አንዴ ትጎርስና በር ላይ ናት፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ጎረቤት ደርሳ ስትመለስ ትጎርሰዋለች። አንዱን ወሬ ሳትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች። እኔ ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። አባቷ ሚኒባስ ስለሚነዳ ቤት አይውልም። ቀኑን ሙሉ እኔና እሷ ነን፤ እኔ ስፌቴ ላይ፣ እሷ ሁሉም ቦታ። አንድ ጆሮዬ ሁሌም መንገዱ ላይ ነው። የባጃጅ ፍሬን በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል።

አምና ስምንት ዓመቷ ነበር፣ ሁለተኛ ክፍል። አስተማሪዋ በየሳምንቱ ያስጠሩኛል። "ልጅቷ ብልህ ናት፤ ጥያቄውን ሳልጨርስ ትመልሳለች። ግን ቀልብ የላትም፣ ደብተሯ ባዶ ነው" ይሉኛል። ቤት ስንገባ እቆጣለሁ፤ መትቻትም አውቃለሁ። ዱዓ አስደርጌላታለሁ። ክርስቲያኗ ጎረቤቴም ግሸን ማርያም ተሳልማ ስትመለስ ጸበል አመጣችልኝ፤ እሱንም እምቢ አላልኩም።

አንድ ቀን የሰፋሁትን የሰርግ ቀሚስ አስያዝኳትና፣ "ለሴትዮዋ ስጪና ቀጥ ብለሽ ተመለሺ" ብዬ ላክኋት። የደንበኛዬ ቤት ከእኛ አራት ቤት ማዶ ነው። ቆየችብኝ። ብሄድ ደንበኛዬ ልጅቷንም ቀሚሱንም አላየችም። አንድ ባለባጃጅ፣ "ወደ ሐይቁ ስትሮጥ አይቻታለሁ" አለኝ። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሮጥኩ። ስደርስ ቀሚሱ ጭቃ ላይ ወድቋል። እሷ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ገብታ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር መረብ ትጎትታለች። ዋና አታውቅም።

"ውጪ ብላት እምቢ አለችኝ" አለኝ ሰውየው።

"እማ! ነይ እይ፣ ዓሣዎቹ ይዘላሉ!"

ጎትቼ አወጣኋት። "ቀሚሱስ?" አልኳት።

"የቱ ቀሚስ?" አለችኝ። የምሯን ነበር።

በማግስቱ ሳወራው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝን ነገር አደረግሁ። ቅዳሜ ስለነበር ትምህርት የለም፤ እኔ ደግሞ ያንን ቀሚስ አጥቤ፣ ጫፉን ፈትቼ እንደገና መስፋት አለብኝ። ከቁርጥራጩ ጨርቅ ረዘም ያለውን መርጬ ቁርጭምጭሚቷን ከጠረጴዛው እግር ጋር አሰርኩት። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን ስታይ ቆየችና፣ "እማ፣ ጠበቅ አርጊው። እንዲህ ከሆነ ይፈታል፣ ከዚያ እሄዳለሁ" አለችኝ።

የድፍረት መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ድፍረት የለም።

"መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

"አልፈልግም። ግን እሄዳለሁ።"

ያን ሁሉ ጊዜ እምቢተኛ ናት ስል፣ ለካ እሷም ራሷን መያዝ አቅቷት ነው። ፈታኋትና አቅፌያት አለቀስኩ። እቅፌ ውስጥ ትንሽ ቆይታ ሾልካ ወጣች።

አባቷ ሲመጣ ነገርኩት። በሳምንቱ ሦስታችንም ደሴ ሆስፒታል ሄድን። ያየችን የአእምሮ ጤና ባለሙያ በዕድሜ ከእኔ ከፍ ያለች ሴት ናት። ጆሮዋ ተመረመረ፣ ስለ እንቅልፏ ተጠየቅን፤ ችግሩ ቤት ብቻ ነው ወይስ ትምህርት ቤትም፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ዕቃ ትጥላለች ወይ፣ ተራ መጠበቅ ትችላለች ወይ። ልጄ እስከዚያው ወንበሩ ስር ገብታ ወጥታለች። የአስተማሪዋንም ሐሳብ አስጽፈን እንድናመጣ ታዘዝን። በሁለተኛው ቀጠሮ፣ "የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ነው" አለችን። "ስንፍና አይደለም፣ ብልግናም አይደለም። አንቺም አላበላሸሻትም፣ እህቴ።"

ከዚያ የምናደርገውን አስረዳችን። ከሩቅ አትጩሂባት፤ ትከሻዋን ነክተሽ፣ ዓይን ለዓይን ተያይታችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ እዘዣት። ሥራውን ቆራርሺላት። ስትጨርስ እዚያው አመስግኛት። ለአንዳንድ ልጆች መድኃኒት ያስፈልጋል፤ እሱን በክትትል እናየዋለን።

ስንመለስ ባለቤቴ፣ "ወላሂ፣ የጠየቀችን ሁሉ እኔ ላይ ያለ ነው" አለኝ። "ቁርዓን ቤት በዚሁ ምክንያት ስንት ቀን እንደተገረፍኩ!" ከዚያን ቀን ወዲህ ልጃችንን ሲቆጣ አልሰማሁም።

አስተማሪዋ መጀመሪያ አልተዋጠላቸውም። "ክፍሉ ሙሉ ነው፤ ለአንዷ ስል ሌሎቹን ምን ላድርጋቸው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ከመስኮቱ አንስተው ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት፤ ሰሌዳ ማጥፋትና ደብተር ማደልንም የእሷ ሥራ አደረጉት። ከወር በኋላ መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ "አብሽሪ፣ ዛሬ አንድ ገጽ ሙሉ ገልብጣለች" አሉኝ። አንድ ገጽ! እዚያው አስፋልት ዳር እልል ማለት ቃጣኝ።

ሁሉም ቀን እንዲያ አይደለም። ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብታ ሦስት ጥንድ ጫማ ጥላለች። አንዳንድ ቀን እኔም ትዕግስቴ ያልቅና እጮሃለሁ፤ ከዚያ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ሰኞ ደሴ ቀጠሮ አለን፣ ስለ መድኃኒቱ ልንነጋገር። አባቷ ይጀመር ይላል፤ እኔ እፈራለሁ። ትናንት ጨርቅ እየቆረጥኩ ሳለ መጣችና፣ "እማ፣ መድኃኒቱን ከዋጥኩ መሮጥ እችላለሁ?" አለችኝ።

"የምትችዪ ይመስለኛል። ግን በደንብ አላውቅም። ሰኞ አንቺው ጠይቂያት።"

"እረሳዋለሁ።"

"እንግዲያው ጻፊው።"

የልብስ ልክ ከምነድፍበት ወረቀት ቀደድኩላት። ሁለት ቃል ጽፋ እርሳሷን ጣለችና ወጣች። አልጠራኋትም፤ መቀሴን ይዤ ቆየሁ። ደጅ ከልጆች ጋር ስትስቅ ይሰማኛል። ጥቂት ቆይታ፣ ማንም ሳይጠራት፣ እያለከለከች ገባች፤ ወለሉ ላይ በልቧ ተኝታ የቀረውን ጻፈችው።