አባቴ፣ ዲሹ እና የወንድሜ ጨዋታ

ኧረ ወገን፣ ወንድሜ ሜዳ ላይ እየሮጠ የኛ ቴሌቪዥን «ሲግናል የለም» አለ። ኡኡ ልል ምንም አልቀረኝም!

ታናሽ ወንድሜ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። እናቴ የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች፤ ጎረቤቱ በሙሉ ሳሎናችን ገብቷል። እኔ ጓሮ ከትልቁ ዲሽ ጋር ግብግብ ገጥሜያለሁ።

ከጋሸና ከተማ ያስመጣነው የዲሽ ባለሙያ ትናንት ሲለፋ ውሎ ጥርት ያለ ምስል አውጥቶልን ነበር። ዛሬ ግን ገመዱን ብነካካው፣ ሪሲቨሩን አጥፍቼ ባበራው ወይ ፍንክች!

«መጣ?» እያልኩ እጮሃለሁ።

«ኧረ የለም!» ይሉኛል ከውስጥ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ፤ እንባዬ መጣ።

ይሄኔ አባቴ፣ ቄስ ናቸው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ዲሹ እምቢ አለኝ አባባ። ትናንት ደህና ነበር እኮ!»

«እሱንማ ጠዋት እኔ ነኝ ትንሽ ዘወር ያደረግሁት። ጀርባውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ ተገትሮ፣ ነውር አይደለም?»

እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እንኳ ጀርባቸውን ላለመስጠት ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ነው። ብረቱም ሥርዓት ይማር ብለው ነው።

አባቴን ይቅርታ ጠይቄ ዲሹን ወደ ትናንቱ አቅጣጫ መለስኩት። ምስሉ ሲመጣ ወንድሜ ተቀይሮ ወጥቶ፣ ጃኬት ደርቦ ተቀምጧል። ካሜራው አንዴ አሳየውና አለፈ።

አሁን አባቴ ከሁሉም ፊት ተቀምጠው ሜዳው ላይ ልጃቸውን ይፈልጋሉ።

«የቱ ነው የኔ ልጅ?» ይሉኛል።

እስቲ እንዲህ የገጠማችሁ ንገሩኝ፤ እናንተ ምን ብላችሁ መለሳችሁ?