የወርቅ መስመር ያለበት መንጃ ፈቃድ

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም፤ የበላሁትን የጾም ሥጋ ሳይቀር ቆጥሬ ነግሬአቸው ይህችን ግን ዘለልኳት። ጎንደር ፒያሳ ካፌ በረንዳ ላይ ስለ ጃፓን ሳወራ ሲሰሙኝ ለሚውሉት ጓደኞቼማ እንዴት ብዬ? በሩ በራሱ የሚከፈተውን ታክሲ ነግሬአቸዋለሁ። ማቆሚያ ቦታ እንዳለህ ካላስመሰከርክ ማኪና እንደማትገዛም ነግሬአቸዋለሁ። ይህችን ዋጥኳት። አሁን ጥርሴ ሲረግፍ መውጫ አገኘች መሰለኝ።

እኔ ከአንድ ሽማግሌ እጅ የማኪና መሪ ቀምቻለሁ። በጉልበት አይደለም፤ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ነው። የቀማሁት ደግሞ መንዳት ካስተማረኝ ሰው ነው።

ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው እንዴት እንደ አዲስ መንዳት ተማርክ ትሉ ይሆናል። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ፤ ለቅኔ ሲያጩኝ ጋራዥ ገባሁባቸው። ከዚያ ወዲያ ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ሊማሊሞን ቁልቁል የጭነት ማኪና ስነዳ ኖርኩ። "ሊማሊሞን በአንድ እጄ ነው የምወርደው" እያልኩ እጎርር ነበር። እውነቱን ለመናገር በአንድ እጄ የወረድኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ጥርሴን አሞኝ በሌላው እጄ ጉንጬን ይዤ ስለነበር ነው።

ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው የእህቴ ባል ከጃፓን ጠራኝ። ናጎያ ከሚባል ትልቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የወደብ ሰፈር፣ ያገለገሉ ማኪናዎችን እያጠበና እየፈተሸ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ግቢ ነበረው። ሄድኩ፤ አሥራ አምስት ዓመት ኖርኩ። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዴን በእነሱ ለመቀየር መፈተን ነው። የሊማሊሞው ጀግና ወደቀ። አንዴ ቢሆን ምን ነበረበት፤ ሦስቴ።

"አንገትዎን አላዞሩም" አለኝ ፈታኙ።

"ስፖኪዮ አይቻለሁ እኮ!"

"ስፖኪዮ የማያየው ቦታ አለ" ብሎ ወረቀቴ ላይ ጻፈብኝ።

ሦስተኛ ጊዜ ወድቄ የምኖርበት ቤት ደረጃ ላይ ስቀመጥ ነው ኦኩዳ ሳን ያገኙኝ። "ሳን" እንደኛ "አያ" ነው፤ ልዩነቱ ለጎረቤትም ለአለቃም ለሁሉም መታደሉ ነው። እሳቸው ከኔ ክፍል በታች ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሰባን የተሻገሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ የነዱ ጡረተኛ ናቸው። ችግሬን ሲሰሙ አልሳቁም። ነጭ ጓንታቸውን አድርገው መጡና ሊያስተምሩኝ ማኪና ውስጥ ከጎኔ ተቀመጡ።

እንዴት እንደሚነዱ ብታዩ! ሊነሱ ሲሉ በጣታቸው እያመለከቱ ጮክ ብለው ለራሳቸው ይናገራሉ። "ኋላ፣ ማንም የለም! ግራ፣ ማንም የለም!" የመጀመሪያው ቀን ዛር የወረደባቸው መስሎኝ በልቤ አማትቤአለሁ። ለካ የእነሱ ሹፌር እንዲህ ነው፤ ዓይን ይሸውዳልና አፍና ጣት እንዲመሰክሩበት ያደርጋል። ከጠባቂ መልአክ ቀጥሎ ከዚህ የተሻለ ጠባቂ ለሹፌር አላየሁም። በአራተኛው ፈተና "ግራ፣ ማንም የለም!" ብዬ በጎንደር ድምፅ ስጮህ ፈታኙ ደንግጦ ብዕሩን ጣለ። አለፍኩ።

ማኪናቸው ምን እንደነበረች ታውቃላችሁ? ዲኤክስ! ይችው የኛዋ ዲኤክስ፤ ጎንደር ውስጥ ወንበሯ ተቀዶ፣ በሯ በሽቦ ታስሮ፣ ስምንት ሰው ጭና ዳገት የምትወጣው። የእሳቸው ነጭ ነበረች፤ ዕድሜዋ የትየለሌ፣ መልኳ ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጣች። እሑድ እሑድ ጎማዋን በጥርስ ብሩሽ ያጥባሉ። አባቴ ብራና ከመግለጣቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ ነበር፤ ኦኩዳ ሳንም የማኪናቸውን በር ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ይህን ያየሁ ዕለት አባቴና እሳቸው ቢገናኙ ያለ አስተርጓሚ እንደሚግባቡ ገባኝ።

በወር አንድ እሑድ የአሮጌ ማኪና ወዳጆች ተራራ ላይ ባለ ማረፊያ ይሰበሰቡ ነበር፤ ይዘውኝ ይሄዳሉ። በመንገድ ላይ አንዱ ካሳለፋቸው ሁለቱንም ፍሬቻ ብልጭ ብልጭ አድርገው ያመሰግኑታል። እኛ በአንድ ክላክስ ሰላምታውንም ስድቡንም ሠርጉንም እንጨርስ የለ? እላይ ስንደርስ የተወለወለ ማኪና ተደርድሮ ይጠብቀናል። ሰዉ ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞራል፤ የሌላን ሰው ማኪና በጣት እንኳ መንካት ነውር ነው። እኔም እጄን አጣምሬ ስዞር ደብር ለመሳለም የመጣሁ እመስል ነበር።

ጥፋቴ የተዘራው እዚያ ማረፊያ ላይ ነው። ኦኩዳ ሳን መንጃ ፈቃዳቸውን አውጥተው አሳዩኝ። የወርቅ መስመር አለበት። ለብዙ ዓመት ምንም ሳያጠፋ ለነዳ ሰው የሚሰጥ ነው።

"እርስዎስ፣ ደሳ ሳን?" አሉኝ፤ ደሳለኝ የሚለው ስሜ ይረዝምባቸው ነበር።

"በሠላሳ ዓመት የሰው ማኪና ነክቼ አላውቅም" አልኩ።

አይ እኔ! አጥር ነክቻለሁ፣ አህያ ነክቻለሁ፣ ሳንጃ ከተማ ላይ ሰሊጥ የጫነ ማኪና ገጭቼ ጆንያው መንገድ ላይ ሲፈስ ዶሮ ሁሉ ሠርግ አድርጓል። እሳቸው ግን አመኑኝ። ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሡኝ። "እንግዲያው ሁለታችንም ወርቅ ነን" አሉ። ያን ጊዜ ስቄ ማስተባበል ይገባኝ ነበር። እጅ መነሣት ግን ይጥማል፤ መልሼ እጅ ነሣሁ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ማለዳ፣ ዝናባማው ወር ነው፣ ለሥራ ረፍዶብኛል። እዚያ አገር ሰው ሁሉ ሲያቆም በኋላ ማርሽ ገብቶ ነው፤ ሲወጣ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ እንዲወጣ። እኔ ግን በዋዜማው ደክሞኝ ማኪናዬን ከኦኩዳ ሳን ዲኤክስ ጎን በአፍንጫዋ ወትፌአት ነበር። ማኪናዬን ወደ ኋላ ሳብኩ፣ በስፖኪዮ ብቻ አየሁ፣ መሪውን ሳይደርስ ጠመዘዝኩ። ጣቴን አላነሣሁም። አንገቴን አላዞርኩም። ጓ! አለ።

ወርጄ አየሁ። የዲኤክሷ የግራው የኋላ ፓራፋንጎ የጭልፋ ሆድ ያህል ጎድጉዷል። የኔ ማኪና ምንም አልሆነችም፤ ጥጓ ላይ ነጭ ቀለም ብቻ ነክቷታል። በጨርቅ ጠረግሁት። ይህን ልብ በሉልኝ። ደንግጦ የሚሮጥ ሰው አለ፤ ደንግጦ የሮጠ ግን ቆሞ አይጠርግም። እኔ ጠረግሁ። አልለቅ ሲለኝ በጥፍሬ ፋቅሁት። ጨርቁን ወንበሬ ሥር ከትቼ ሄድኩ።

ጎንደር ቢሆን ኖሮ ገና ድምፁ ሲሰማ ሰው ይሰበሰባል፣ አንዱ ይሰድበኛል፣ አንዱ ይገላግለኛል፣ ሳልወድ በግዴ ጨዋ እሆን ነበር። እዚያ የነበረው ዝናብ ብቻ ነው። ጨዋነቴ ለካ የተመልካች ነበር?

ለብዙ ዓመት ለራሴ፣ "የሰው አገር ሰው ነህ፣ የመኖሪያ ወረቀትህን ፈርተህ ነው" ስለው ኖሬአለሁ። ውሸት ነው። ፖሊስ ይጠራል፣ ይመዘገባል፣ ኢንሹራንሱ ያሠራዋል፤ ለዚህ ተብሎ ከአገር የሚባረር ሰው አልነበረም፤ ይህንም አውቅ ነበር። የፈራሁት አንድ ነገር ነው። "ሁለታችንም ወርቅ ነን" ያለኝ ሰው ፊት መዳብ ሆኜ መቆም።

"ማታ እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ማታ አልነገርኩም። በማግስቱም አልነገርኩም። በአራተኛው ቀን እሳቸው በሬን አንኳኩ። ከጓሯቸው የቀጠፉትን ቲማቲም ይዘዋል፤ ባዶ እጃቸውን መጥተው አያውቁም።

"ደሳ ሳን፣ እርስዎ የሹፌር ዓይን አለዎት" አሉኝ። "ማኪናዬን ጎድቻታለሁ። የት እንደሆነ ግን አላስታውስም። የሄድኩበትን መንገድ ሁሉ በእግሬ ሄጄ አየሁ። ምሰሶውን፣ አጥሩን፣ የሱቁን ግድግዳ አየሁ፤ ነጭ ቀለም የለም። ሰው ነክቼ እንደሆነ ብዬ ፖሊስም ጠየቅሁ። የተጎዳ ሰው የለም አሉኝ።"

አራት ቀን! በዚያ ዝናብ፣ ጃንጥላ ይዘው፣ የሰፈሩን ምሰሶ ሁሉ እየዞሩ ቀለማቸውን ሲፈልጉ ነበር። የኔን ማኪና ብቻ አላዩም። ለምን ያያሉ? ወርቅ ነኝ ብዬአቸዋለሁ።

ቀጥለው ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ። "ሰው ሲያረጅ ነክቶ ይረሳል?"

ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። "እኔ ነኝ" ማለት በእነሱ ቋንቋ እንኳ አጭር ነው። እኔ ግን ቲማቲሙን ተቀብዬ እንዲህ አልኩ፦ "አዎ። ሰው ሲያረጅ ይረሳል።"

ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ፓራፋንጎዋን የመታሁት በስሕተት ነው፤ ሰውየውን የመታሁት ግን ዓይኔ እያየ ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መንጃ ፈቃዳቸውን መለሱ። እዚያ አገር ሽማግሌ ሰው፣ ማንም ሳይቀማው፣ ራሱ ሄዶ ይመልሳል። "የሹፌር ነገር የሚገባው ሰው አብሮኝ ቢኖር" ብለው እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ፖሊሱ በሁለት እጁ ተቀበላቸውና ጎንበስ ብሎ፣ "ይህን ያህል ዘመን በጥንቃቄ ስለነዱ እናመሰግናለን" አላቸው። ሌባ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

ስንመለስ በአውቶቡስ ነው። ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጡ። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ሲረግጥ አየሁ። ፍሬን እየያዙ ነበር። በየማቆሚያው ይይዙ ነበር። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።

ዲኤክሷን እዚያ ማረፊያ የምናውቀው አንድ ሰው ወሰዳት። ሊወስዳት የመጣ ዕለት አጠቧት፣ ጎድጓዳዋን በመዳፋቸው ዳበሷት፣ ከዚያ ቀጥ ብለው ቆመው እጅ ነሷት። ወደ ቤት ሲገቡ ነጭ ጓንታቸውን ሰጡኝ። "ወርቅ ለወርቅ" አሉ። አንድም ቀን እጄ ላይ አላጠለቅሁትም። ሐቀኛ ሆኜ ነው? አይደለም፤ የሚያቃጥል መስሎኝ ነው።

ወደ ጎንደር ከተመለስኩ ወዲህም በየዓመቱ በአዲስ ዓመታቸው ፖስትካርድ ይልኩልኛል፤ ዘጠናን አልፈዋል። በእጃቸው ሥዕል ይሥሉበታል። የዘንድሮው ላይ አውቶቡስ ነው ያለው። ከሥሩ፣ "የኛ ሰፈር አዲሱ ሹፌር በጣቱ ማመልከት ረስቷል፤ ነገርኩት፤ ዛሬ አመለከተ" ይላል።

እሷን ካነበብኩ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። ቢያንስ የቀማሁትን ያህል ከራሴም ልቀማ ብዬ መንጃ ፈቃዴን ይዤ ወደ ከተማችን ትራንስፖርት ቢሮ ሄድኩ።

"አባባ፣ እድሳት ነው?" አለችኝ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ።

"ልመልስ ነው።"

"ምኑን?"

"መንጃ ፈቃዱን።"

"ማን ቀማዎት?"

"ማንም። እኔው ነኝ።"

ግራ ቀኟን አየች። "አባባ፣ እዚህ ማውጫ እንጂ መመለሻ መስኮት የለንም።"

ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ባለ ባጃጅ፣ "አያ፣ ለኔ ስጡኝ! እኔ ሦስቴ ወድቄአለሁ!" ብሎ ሰዉን አሳቀው።

"አንገትህን አዙር፣ ታልፋለህ" አልኩት።

ልጅቱ ግን አልሳቀችም። "ምነው አባባ? ምን አጥፍተው ነው?"

ይህን ሁሉ ዓመት ይህችን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እነሆ ተጠየቅሁ፤ ምስክሩም ሙሉ አዳራሽ ነበር። ምን ብዬ መለስኩ ትላላችሁ?

"አርጅቻለሁ" አልኩ።

"ሸጋ ሰው!" አለ አንዱ። "ጃፓን የኖረ ሰው እንዲህ ነው!" አለ ሌላው። አጨበጨቡልኝ! ያችኑ ውሸት ደግሜ ዋሸሁ፤ በዚያችው ውሸት ዳግመኛ እጅ ተነሣሁ። ዓይኔ እስከ ዛሬ በመርፌ ቀዳዳ ክር ያስገባል። እኔ ያረጀሁት በምላሴ ብቻ ነው።

ከዚያ ቤቴ ገብቼ ጻፍኩ። ከፊደላቸው ቀላል ቀላሉን ብቻ ስለማውቅ ደብዳቤዬ የአንደኛ ክፍል ልጅ የጻፈው ይመስላል። ጓንቱን አብሬ አሽጌ ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ፖስታ ቤት ሰጠሁት። ይደርሳቸው እንደሆነ አላውቅም። ቢደርስም በዘጠና ዓመት የሚመለስ መሪ የለም።

ስለዚህ እናንተ ይቅር አትበሉኝ፤ ከናንተ የወሰድኩት ነገር የለም። የኔ የሆነው ይህ ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ላይ የጻፍኩት፦

"ኦኩዳ ሳን፣ ምሰሶዎቹን ሁሉ በከንቱ ዞሩ። ቀለምዎ እኔ ወንበር ሥር፣ ጨርቅ ላይ ነበር። እርስዎ አልረሱም፤ የሚረሳ ነገር አልነበረም። እርስዎ አንገትዎን አዙረዋል። ያላዞርኩት እኔ ነኝ።"